ጥፋትና ጥፋተኛ

አንድ ነገር ሲበላሽ ቀድሞ ከአፋችን የሚወጣው ጥያቄ «ምን ሆነ?» ሳይሆን «ማን ነካው?» የሚለው ነው። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ሒሳብ ሲጎድል፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅ ከምክንያቱ በፊት ሰው እንፈልጋለን። ለመሆኑ ጥፋትን መፈለግና ጥፋተኛን መፈለግ አንድ ነገር ነውን? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ማስረጃዬን የማመጣው ደግሞ ከሊቃውንት መጻሕፍት ሳይሆን ከአንድ ያረጀ መኪና የኋላ ኮፈን ነውና አንባቢ ትዕግሥቱን አይንሳኝ።

መኪናው የጎረቤታችን ነው። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1991 ካመረታቸውና በፋብሪካ መለያቸው 126 ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በዘመኑ በብዙ አገር የሹማምንትና የከበርቴዎች መኪና ነበር። ባለቤቱ እንደ ልጅ ይሳሱለታል። ታዲያ አንድ ሰሞን ነገር መጣ። የሾፌሩ በር በቁልፍ ሲከፈት ሌሎቹ በሮች አብረው ይከፈታሉ፤ የኋላ ኮፈኑ ግን እንደተቆለፈ ይቀራል። ቁልፍ ካልከተቱለት ንቅንቅ አይልም።

የመጀመሪያው መካኒክ «መቀርቀሪያው ሞቷል» ሲል ፈረደ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መቀርቀሪያ ተገዝቶ ተገጠመ። ኮፈኑ ግን ያው ነው። ይህን ጊዜ ባለመኪናው ፊታቸውን ወደ ሾፌራቸው አዞሩ። «አንተ ነህ እየደበደብክ እየዘጋህ የሰበርከው» አሉት፤ የመቀርቀሪያውም ዋጋ ከደመወዙ ተቆረጠ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀስ አድርጌ ነው የምዘጋው» ቢል የሰማው አልነበረም። ያላደረጉትን ነገር አለማድረግን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሁለተኛው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን አልነኩም። መኪናውን አስቆልፈው አስከፈቱና ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። አብሬ ቆሜ ነበርና እኔም ሰማሁ፤ አንድ ነገር እንደ ንብ ሲያጉረመርም ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ጸጥ አለ። የዚህ መኪና ሴንትራል ሎክ የሚሠራው በአየር ነው። አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ሲቆልፍ አየር ይስባል፣ ሲከፍት አየር ይገፋል። በየበሩ፣ በኋላ ኮፈኑና በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ያለው ላስቲክ በዚያ አየር እየተሳበና እየተገፋ ቁልፉን ያንቀሳቅሳል። ቱቦዎቹ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ከአንዱ የሾለከው ለሁሉም ይጎድላል። ሁሉም ደህና ከሆነ ፓምፑ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ያርፋል። አየር የሚሾልክበት ቀዳዳ ካለ ግን ግፊቱ አይሞላለትምና የተወሰነለት ጊዜ እስኪያልቅ ያጉረመርማል።

ሽማግሌው ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ በብሎን እየደፈኑ፣ መልሰውም እየሰኩ ፓምፑን አዳመጡ። የፊቱ በር ሲደፈን ለውጥ የለም። የኋላው በር ሲደፈን ለውጥ የለም። የኮፈኑ ራሱ ሲደፈንም ለውጥ የለም፤ ተከሳሹ ነጻ ወጣ ማለት ነው። የነዳጅ መሙያው ክዳን ቱቦ ሲደፈን ግን ፓምፑ ወዲያው ዝም አለ፤ ኮፈኑም ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። እርጅና ያደረቀው የክዳኑ ላስቲክ ተሰንጥቆ ኖሯል። ክዳኑ መቆለፍ ካቆመ ስንት ጊዜው እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ማንም ልብ ብሎት አያውቅማ።

«ታዲያ ኮፈኑ ምን አድርጎ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የእሱ ቁልፍ ግሪሱ ደርቆ ከሁሉ ይከብዳል። አየር ሲያንስ ቀድሞ የሚያቅተው እሱ ነው» አሉኝ።

ይህች መልስ ከጋራዥ ያለፈ ነገር አላት። ብልሽት ጎልቶ የሚታየው ሁልጊዜ በተበላሸው ላይ አይደለም፤ ሸክም በከበደበት ላይ ነው። የተሰነጠቀው ድምፁን አጥፍቶ ተቀምጦ፣ ጉድለቱን ያሳየው ይወነጀላል። ገቢ ባነሰው ቤት አባካኝ የምትባለው ገበያ የምትወጣዋ ናት። ፋይሉ ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ስድቡን የሚጠጣው መስኮት ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው። አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ዳውላውን የምንመታው አህያውን ፈርተን እንኳ አይደለም፤ ለዓይናችን የቀረበ እሱ ስለሆነ ነው።

«መገመትስ ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። የመጀመሪያው መካኒክ መቀርቀሪያውን መጠርጠሩ ያስኬዳል፤ ግምቱ ሲከሽፍ ግን «እንግዲያው ሌላ ቦታ ልፈልግ» ማለት ሲገባ ፍለጋው ቆመና ክሱ ቀጠለ። በዕቃ ላይ የተሳሳተ ግምት ዋጋው የመለዋወጫው ዋጋ ነው። በሰው ላይ ሲሆን ግን የተነቀለ እምነት እንደ መቀርቀሪያ በብሎን ተመልሶ አይታሰርም።

ሌላው ደግሞ «ሁሉም ነገር ከጀርባው ምክንያት አለው ካልን ጥፋተኛ የሚባል ሰው ሊጠፋ አይደለም ወይ?» ይላል። ይህም ስጋት ቀላል አይደለም፤ በምክንያት ስም የሚያመልጥ ብዙ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ለማንም ምሕረት አላደረጉም። ቱቦ ቱቦውን ሲከተሉ መጨረሻው የሾፌሩ እጅ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ይናገሩ ነበር። ልዩነቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ፍለጋው ይቀድማል፣ ስም መጥራቱ ይከተላል። ስም ከቀደመ ግን ፍለጋው ለተጠራው ስም ማስረጃ መልቀም ይሆናል።

ባለመኪናው የቆረጡትን ገንዘብ መልሰዋል። ስለተናገሩት ቃል ግን እስከ ዛሬ አንድም ነገር አላሉም። ሾፌሩ አሁን ኮፈኑን የሚዘጋው ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ፣ በሁለት እጁ ጫን እያደረገ ነው። ገንዘቡ የመቀርቀሪያውን ሒሳብ ዘግቶ ይሆናል፤ የሰውየውን ሒሳብ ግን አልዘጋም። በሰው ፊት የወነጀለ በሰው ፊት «አንተ አይደለህም» ማለት አለበት። ይህች ቃል እስካልተነገረች ድረስ የተሰነጠቀው ላስቲክ ተቀይሯል እንጂ መሹለኩ አልቆመም።