ሐሺሽና የእንቅልፍ ሕመምተኛው፦ የመንግሥት ፈቃድ ዶሩራ ይሆናልን?



በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ሐሺሽ (ካናቢስ) ለሕክምና እንዲወስዱ ከተፈቀደላቸው ሕመምተኞች ጋር፣ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው የሚቋረጥባቸው ሰዎች ተጨመሩ። ሐኪሞች ሕመሙን «ስሊፕ አፕኒያ» ይሉታል። ሚኒሶታ ለእኛ እንግዳ አገር አይደለችም፤ ከአገራችንና ከሶማሊያ የሄዱ በርካታ ሙስሊሞች ይኖሩባታል። ከእነርሱ አንዱ የሆነ ዘመዴ «መንግሥት የፈቀደውን፣ ሐኪም የሚፈርምልኝን ብወስድ ምን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ። ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋም አልሰጥም። ጥያቄው ግን የእርሱ ብቻ ስላልሆነ የመሰለኝን ልጻፍ።

በመጀመሪያ ሕመሙ ቀልድ አይደለም። ሰውየው ሲተኛ የጉሮሮው ሥጋ ላልቶ የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሹ ለአሥር ሴኮንድና ከዚያም በላይ ይቆማል፤ አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ አየር ስቦ መልሶ ይተኛል። ሕመሙ ሲከብድ ይህ በአንድ ሰዓት ከ30 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። እርሱ ራሱ አያውቀውም። የምታውቀው አጠገቡ ተኝታ ትንፋሹ እስኪመለስ የምትጠብቀው ባለቤቱ ናት። ቀን ላይ መሪ ይዞ ያንቀላፋል፤ ውሎ አድሮም የደም ግፊትና የልብ ሕመም ይከተላል። በስደት ያሉ ወንድሞቻችን ስንቶቹ ታክሲና የጭነት መኪና እንደሚነዱ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ የአንድ ሰው ነፍስ ብቻ አይደለም።

ወደ ፈቃዱ እንምጣ። በመንግሥት ዝርዝር ውስጥ መግባት አትከሰስም ማለት እንጂ መድኃኒትነቱ ተረጋግጧል ማለት አይደለም። በዚያው በ2018 የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ የተባለው የሐኪሞች ማኅበር፣ ሐሺሽም ሆነ ከእርሱ የሚዘጋጁ ምርቶች ለዚህ ሕመም መሰጠት እንደሌለባቸው፣ ሕመሙም ከግዛቶች ዝርዝር ውጪ መሆን እንዳለበት አስታወቀ። ተስፋ ከሰጡት ጥናቶች አንዱ በ73 ሰዎች ላይ ለስድስት ሳምንት የተደረገ ሲሆን፣ የተሞከረውም ድሮናቢኖል የተባለ ሰው ሠራሽ መድኃኒት ነው። የትንፋሹ መቋረጥ ቀንሷል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ተመጥኖ የተሰጠ መድኃኒትና ከሱቅ የሚገዛ ሐሺሽ አንድ አይደሉም። ከ2023 ወዲህማ በዚያ ግዛት 21 ዓመት የሞላው ሁሉ ያለ ሕመምም መጠቀም ይችላል። አረቄም እኮ በፈቃድ ይሸጣል! በዚህ ላይ የፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የግዛቱን የሕክምና ፈቃድ ለጭነት መኪና ነጂ ምክንያት አድርጎ አይቀበለውም፤ በምርመራ ከተገኘበት እንጀራው አደጋ ላይ ነው።

ዑለማዎቻችን ስለ ሐሺሽ ብዙ ብለዋል። ኢብኑ ተይሚያ እንደ ኸምር አስካሪ አድርገው አጥብቀው ሲከለክሉት፣ የማሊኪው ዓሊም አል-ቀራፊ አእምሮን የሚያበላሽ እንጂ አስካሪ አይደለም በማለት ከኸምር ለይተውታል። ኢማም አን-ነወዊ ደግሞ ከአስካሪ ነገር በስተቀር በነጃሳ መታከም የሚፈቀደው ንጹሕ ምትክ ሲጠፋ፣ ይህንንም አዋቂ ወይም የታመነ ሐኪም ሲናገር መሆኑን ጽፈዋል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ለዙበይር በእከክ ምክንያት ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ስለዚህ በሩ ለሕመምተኛ የተዘጋ አይደለም። ግን ምትክ መታጣቱም፣ የሚወሰደው ነገር ጥቅምም መታወቅ አለበት።

ለዚህ ሕመም ምትክ አለ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን በ1981 ይፋ ያደረጉት «ሲፓፕ» የተባለው መሣሪያ በአፍንጫ ጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት ያደርገዋል። ለአንዳንዱ ክብደት መቀነስ፣ ለአንዳንዱ በጎን መተኛት ወይም የጥርስ ሐኪም የሚሠራው የአፍ መሣሪያ ይጠቅመዋል። ዘመዴ «ጭምብሉ ያፍነኛል፣ ባለቤቴ ፊት አፍራለሁ» ይላል። ጭንቀቱን አላቃልልም፤ ጭምብል ፊት ላይ አስሮ ማደር ቀላል አይደለም። ነገር ግን ጭምብሉ በልክ ይለወጣል፣ ግፊቱም ይስተካከላል። መሰላቸት ዶሩራ ሊባል አይችልም። (ከዙህር እስከ መግሪብ ጫት ላይ ውሎ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ለሌሊቱ ሐሺሽ የሚያስፈልገውን ሰው ጉዳይ ለጊዜው እንተወው።)

የሚያሳዝነኝ ግን «ሐራም ነው» ብሎ ሕመምተኛን ማሰናበት በእኛ ዘንድ እንደ ሙሉ መልስ መቆጠሩ ነው። ሰውየው ሐራሙን ተወ፤ ሐላሉን ማን አሳየው? ትንፋሹ ያው ሌሊቱን ሲቋረጥ ያድራል። አገር ቤት ሐሺሽ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ የዘመዴ ዓይነት ጥያቄ አይነሳም። እዚህ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ መሣሪያውን የመግዛት አቅም የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ለመስጊድ ምንጣፍ በአንድ ጁሙዓ ገንዘብ የሚያሰባስብ ጀማዓ ለጎረቤቱ ትንፋሽ የሚሆን መሣሪያ መግዛት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የዘካ ገንዘብ ለድሃ ሕመምተኛ መሣሪያ መግዣ ይውል እንደሆነ፣ ለሰውየው በእጁ ይሰጥ ወይስ ተገዝቶለት ይቅረብ፣ ዑለማዎቻችን በዚሁ ዓምድ ቢያብራሩልን እወዳለሁ። ወላሁ አዕለም።