ጀምሮ ስለ ተዉት መጽሐፍ

ንባብ ለነፍስ ምግብ መሆኑን ሊቃውንት በየዘመኑ አስተምረዋል፤ ምእመናንም ያውቁታልና ስለ ጥቅሙ ዛሬ መዘርዘር አያስፈልግም። ነገር ግን ከንባብ ጋር የተያያዘ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሰው መጽሐፍ ጀምሮ ሳይፈጽመው ቢተው በደል ይሆንበታልን? የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የልብን ምሥጢር የሚገልጥ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄውን ያመጣብኝ ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ሊጠይቀኝ መጥቶ፥ በአትሮንሱ አጠገብ የተደረደሩትን አምስት መጻሕፍት አየ። ከአምስቱ የአራቱ ክር ገና መካከላቸው ላይ ነበረ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «የኔታ፥ እኛን የጀመራችሁትን ሳትፈጽሙ ሌላ አትንኩ ይሉናል፤ እነዚህን ታዲያ መቼ ሊፈጽሟቸው ነው?» አለኝ። እኔም «ዐይኔ ደከመ፥ ልጄ» ብዬ መለስሁለት። እርሱ አምኖኝ ተሰናብቶ ሄደ፤ እኔን ግን የመለስሁት መልስ እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ የወሩን ንባቤን አንድ በአንድ ልመረምር ተነሣሁ።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች የጀመሩትን መፈጸም ትልቅ ነገር መሆኑን ከሕፃንነታችን ተምረናል። ልጅ ከፊደል ተነሥቶ፥ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን ተሻግሮ፥ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ሲፈጽም ወላጆቹ ድግስ ደግሰው ደስታቸውን ይገልጣሉ፤ «ዳዊት ደገመ» መባልም ክብር ነው። ጌታችንም ግንብ ሊሠራ ጀምሮ መደምደም ያቃተው ሰው ለመንገደኛ ሁሉ መሳለቂያ እንደሚሆን በወንጌል አስተምሯል። ነገር ግን ያው ዳዊት በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይደገማል፤ ሰኞ የተጀመረው እሑድ ሲያልቅ በማግሥቱ እንደ ገና ይጀመራል። እንግዲህ አባቶቻችን መፈጸምን ባስተማሩበት በዚያው መጽሐፍ፥ ዕድሜ ልክ ቢያነቡት የማያልቅ ንባብ መኖሩንም አስተምረውናል።

ከአምስቱ መጻሕፍት የመጀመሪያው ፍትሐ ነገሥት ነው። አንዲት በደዌ የተያዙ እናት የፍልሰታን ጾም እንዴት እንደሚይዙት ስለ ጠየቁኝ፥ ስለ ጾም የሚናገረውን 15ኛውን አንቀጽ አነበብሁ። መጽሐፉ 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ ስለ መንፈሳዊው ሥርዐት፥ የቀሩት 29ኙ ስለ ሥጋዊው ፍርድ የሚናገሩ ናቸው። እኔ መልሱን አግኝቼ ለእናቲቱ ካስረዳሁ በኋላ መጽሐፉን ዐጠፍሁት። በዚህ ልቤ አልከሰሰኝም፤ ወደ አንድ መንደር የሚወስደውን መንገድ የጠየቀ ሰው የአገሩን መንገድ ሁሉ እንዲቆጥር አይገደድምና።

ሁለተኛው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ነው። ለአንድ ግስ ብዬ ገልጬው፥ አንዱ ቃል ወደ ሌላው እየመራኝ ቀኑ መሸ። ይህን መጽሐፍ እንኳን አንባቢው ደራሲውም ብቻውን አልፈጸመውም። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ብዙ ዘመን ደከሙበት፤ እርሳቸውም ታትሞ ሳያዩት በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በመጨረሻ የእርሳቸው ደቀ መዝሙር አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። አንዱ የተከለውን ሁለተኛው ኰተኰተው፥ ሦስተኛው ፍሬውን ለሕዝብ አቀረበው። ሦስት ትውልድ የደከመበትን ሥራ አንድ ሰው በአንድ ወር አነበብሁ ቢል ትዕቢት ይሆንበታል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በየጊዜው እየተመለሱ መጠየቅ ይበቃል።

ሦስተኛውን መጽሐፍ በስሙ አልጠራውም። ለሃይማኖት መከራከሪያ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ከማስረጃው ስድቡ ይበዛል። ሠላሳ ያህል ገጽ ካነበብሁ በኋላ፥ ፊታቸውን አይቼ በማላውቃቸው ሰዎች ላይ ስቈጣ ራሴን አገኘሁት። ወዲያው ዘጋሁት። ከክፉ ጉባኤ መካከል ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ጉባኤውን አቋረጠ ተብሎ እንደማይወቀስ፥ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የተወም አይወቀስም።

አራተኛው የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ማለት ነው። ደራሲው በጎጃም በቅኔ ቤት ያደጉ ስለ ሆኑ፥ የቆሎ ተማሪውን ኑሮና የድሀውን ገበሬ ብሶት ሲጽፉ እንደ እኔ ያለውን አንባቢ ከመጀመሪያው ገጽ ይይዙታል። ከአምስቱ እስከ መጨረሻው ያነበብሁት ይህን ብቻ ነው። ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አዝኛለሁ፤ የጉዱ ካሣም ንግግር እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ቢሆንም ስለ ፈጸምሁት ልመሰገን አይገባኝም። መጽሐፉ እየሳበኝ ሄድሁ እንጂ ትጋት አላስፈለገኝም፤ በዚያም ላይ አንድ ሌሊት የታሪኩ ጣዕም የመንፈቀ ሌሊቱን ጸሎት አስረስቶኛል።

አምስተኛው ማር ይስሐቅ ነው፤ የተደበቀው ነገር የተገኘው እዚህ ላይ ነው። የሱባኤዬ ንባብ ይሁን ብዬ ነሐሴ 1 ቀን ከነትርጓሜው ጀመርሁት። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ርኅሩኅ ልብና በወንድም ላይ ስላለመፍረድ ከሚናገረው ስደርስ፥ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። በአንድ ትርጓሜ ተከራክረን፥ በተማሪዎቹ ፊት የሚያሳፍር ቃል ተናግሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጥንም። «ዐይኔ ደክሟል» ብዬ መጽሐፉን ዐጠፍሁት። በዚያው ምሽት ግን በዚያው ዐይን፥ በዚያው መብራት፥ ፍቅር እስከ መቃብርን እስከ እኩለ ሌሊት አነበብሁ። ለልጁ የነገርሁት ሐሰት ይህ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ጊዜ በግብረ ሐዋርያት የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ ዐሰብሁ። የሕንደኬ ባለሟል ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። መጽሐፉ 66 ምዕራፍ ነው፤ ፊልጶስ የደረሰበት 53ኛው ላይ ሳለ ነው። ያስተውል እንደ ሆነ ቢጠይቀው፥ የሚመራው ከሌለ እንደማይችል ሳይሸሽግ ነገረው። ከተረጐመለት በኋላም ውኃ ባየ ጊዜ ሠረገላውን አስቁሞ ወርዶ ተጠመቀ፤ ደስ እያለውም መንገዱን ሄደ። የቀረውን 13 ምዕራፍ አንብቦ ፈጽሞት እንደ ሆነ አልተነገረም። እርሱም ንባቡን አቋረጠ፤ እኔም አቋረጥሁ። እርሱ ያቋረጠው የተረዳውን ሊያደርግ ነው፤ እኔ ግን የተረዳሁትን እንዳላደርግ አቋረጥሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሰማይና ከምድር ርቀት ይበልጣል።

እንግዲህ ለጥያቄው የምሰጠው መልስ ይህ ነው። መጽሐፍ ሳይፈጸም መቅረቱ በራሱ በደልም ጽድቅም አይደለም፤ የሚመዘነው የተተወበት ምክንያት ነው። የፈለገውን ጥቅም አግኝቶ የተወ፥ ነፍሱን ከሚጐዳ ነገር ሸሽቶ የተወ፥ አቅሙ ሳይደርስ ቀርቶ በትሕትና ለሌላ ጊዜ ያቈየ፥ እነዚህ ሁሉ አልበደሉም። በስንፍና የተወ ግን ራሱን ጐድቷል። ከሁሉ የሚከፋው መጽሐፉ በደሉን ሲነግረው ዘግቶት የሸሸው ነው፤ ይህ ሰው የሚያክመው ሐኪም ቍስሉን በነካበት ሰዓት ከፊቱ ተነሥቶ የሮጠ በሽተኛን ይመስላል። ዛሬ በእጅ ስልክ ከዐሥር ጽሑፍ ዐሥር መስመር እያነበቡ ማለፍ ቀላል በሆነበት ዘመን ይህ ሽሽት ለማንም ሳይታወቅ ይፈጸማል፤ በጣት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃልና። ስለዚህ አንባቢ ንባቡን ባቋረጠ ቍጥር «ምን ላይ ስደርስ ተውሁት?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ክሩ የቆመበት ገጽ ብዙ ጊዜ የልቡን ቍስል ያመለክተዋል።

እኔም ዘመኑ ሳይለወጥ፥ በጳጉሜን፥ ወደ ባልደረባዬ ቤት ሄድሁ። ያሰናዳሁት ንግግር ነበረ፤ ደጁ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። «በተማሪዎችህ ፊት በደልሁህ፤ ይቅር በለኝ» ብቻ አልሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና፥ «ግባ እንጂ፤ ምን ደጅ ያቆምሃል» አለኝ። ስለ ትርጓሜው ዛሬም አልተስማማንም፤ ሰላምታችን ግን ተመልሷል። በማግሥቱም ያን ደቀ መዝሙር አስጠርቼ፥ «ዐይኔ ደከመ ያልሁህ ሐሰት ነበረ» ብዬ እውነቱን ነገርሁት። እርሱም ዐንገቱን ደፍቶ፥ «የኔታ፥ እኔም የተውሁት መጽሐፍ አለ» አለኝ። የትኛው እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

የማር ይስሐቅ ክር አሁንም ከመካከሉ አልራቀም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ፊት ይሄዳል። የሚያስተምረንን ቃል ሰምተን እንዳንሸሽ፥ የጀመርነውንም በጎ ሥራ እንድንፈጽም አምላካችን ይርዳን። አሜን።