መንፈሳዊው የትኛው ነው?



«ከሁሉ በፊት መንፈሳዊውን አስቀድሙ» የሚለውን ምክር በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያልሰማ ወጣት አይገኝም። እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ታናናሾቼንም ሳልሰስት መክሬበታለሁ። ነገር ግን መንፈሳዊው የትኛው እንደ ሆነ ቆም ብዬ የጠየቅሁት ባለፈው ዓመት፣ የልደት በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል። በ10 ሰዓት ደግሞ የመዝሙር ጥናት አለን። ውኃ አጠገቡ አስቀምጬ «እግዚአብሔር ይማርህ» ብዬው ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መንገድ ላይ ሳለሁ ሥጋዊውን ትቼ ለመንፈሳዊው የሄድሁ መስሎኝ በራሴ ረክቼ ነበር። ማታ ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ከጎረቤት ክፍል ያለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲረግጥ አይቼው የማላውቅ ልጅ ደግፎ ሐኪም ቤት ወስዶት ኖሯል። የያዘው ወባ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድኗል፤ እኔንም በአንድ ቃል እንኳ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 10 ደጋግሜ አነበብሁ። በመጀመሪያ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ አለ። ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አይተው አለፉ፤ ሳምራዊው ግን መንገዱን አቋርጦ ቁስሉን አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። እዚህ ላይ ሳነብ «ወየው ለእኔ» አልሁ። ነገር ግን ገጹን ሳልገልጥ፣ ያ ታሪክ እንዳለቀ የማርታና የማርያም ታሪክ ይከተላል። እዚያ ደግሞ ደፋ ቀና ብላ ያገለገለችው ማርታ ተወቀሰች፤ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ቃሉን የሰማችው ማርያም ተመሰገነች! ታዲያ የትኛውን እንያዝ? ከጸሎት ተነሥቶ ሰውን መርዳት ነው ወይስ ሥራን ትቶ መጸለይ?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ ሁለቱ ታሪኮች የሚጣሉ አልመሰለኝም። ሳምራዊውም የራሱ ጉዳይ ነበረው፤ መንገደኛ ነውና። ማርያምም በቤት ውስጥ ሥራ አላጣችም። ሁለቱም በፊታቸው ለተገኘው ሲሉ የራሳቸውን ዕቅድ ተዉ። ማርታ ግን እንግዳው ቤቷ ተቀምጦ ሳለ በድግሱ ተጠመደች። የእኔም የመዝሙር ጥናት የእኔ ድግስ ነበር። ድምፄን ሰዎች ያመሰግኑልኛል፤ ጥናቱን እወደዋለሁ። የሄድሁት ስለምወደው ነው እንጂ ስለ ተቸገርሁበት አይደለም። የተቸገርሁት ከታመመው ጋር መቀመጡ ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ይህን «ከተረዳሁ» በኋላ ጥቂት ወራት እንዳለፉ ፈተና ደረሰ። ያን ጊዜ «ትምህርቴም አገልግሎት ነው፣ ሰውን መርዳትም ጸሎት ነው» እያልሁ ጸሎቴን ተውሁ። ቤተ ክርስቲያናችን በቀን 7 የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች፤ እኔ አንዱን እንኳ «ጊዜ የለኝም» አልሁ። በዚያው ሳምንት ግን ስልኬን ስጎረጉር እኩለ ሌሊት ያለፈበት ቀን አንድ ብቻ አልነበረም። ሰው የሚረዳ ሰው በመሆኔ ጸሎት ቀረ እንዳልል፣ በዚያ ሳምንት የረዳሁት ሰው የለም።

ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቴና ላይ አብረው ተማሪዎች ነበሩ። ኋላ ቄሣር ሆኖ ክርስትናን የካደው ዑልያኖስም በ355 ዓመተ ምሕረት ገደማ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር እዚያው ተምሯል። ጎርጎርዮስ ስለዚያ ዘመን ሲመሰክር፣ እርሱና ባስልዮስ የሚያውቋቸው ሁለት መንገዶች እንደ ነበሩ ይናገራል፤ አንዱና የሚበልጠው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራን ቤት። እኔን የገረመኝ ሁለተኛውን መንገድ አለመተዋቸው ነው። ንባባቸውን አልናቁም፤ ሰነፍ ተማሪም ሆነው «እኛ ለመንፈሳዊው ነን» አላሉም። ከእኛ መካከል ግን በጉባኤ ብዛት ትምህርቱን የበደለና ወላጆቹን ያሳዘነ አይጠፋም። (ስም አልጠራም፤ ራሴንም ጨምሬ ነው።)

ስለዚህ አሁን ሁለት ነገር ሲጋጭብኝ «የቤተ ክርስቲያን ስም ያለው የትኛው ነው?» ብዬ ብቻ አልጠይቅም። «የምሸሸው የትኛውን ነው?» እላለሁ። ሁልጊዜ ትክክለኛ መልስ አገኛለሁ ማለቴ አይደለም። ባለፈው ሳምንት እንኳ ተሳስቻለሁ፤ የንስሐ አባቴ ያውቁታል።

ጓደኛዬ ከሐኪም ቤት ሲመለስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ያን ቀን ያጠናችሁት መዝሙር የትኛው ነው? እስቲ አሰማኝ» አለኝ። ግጥሙን በቃሌ አውቀው ነበር፤ መጀመር ግን አቃተኝ።