ሥራ ያቆመ ሰው እንጀራ

በዲማ ዙሪያ ወንፈል እየገባችሁ ያደጋችሁ ወጣቶች፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጎረቤታችሁ ቢታመም እርሻው ጦም አያድርም። ታሞ ሳይሆን «በደል አለበት፤ ካልተስተካከለ አልመጣም» ብሎ ቤቱ ቢቀመጥስ? የልጆቹን ረኀብ እያያችሁ ዝም ትላላችሁ?

ከእናንተ መካከል ነገ ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ የምትቀጠሩ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ ስም ታገኙታላችሁ። አድማ የመታ ወይም አሠሪው በር የዘጋበት ሠራተኛ የሥራ አጥነት አበል ይገባዋልን?

በአገራችን አበሉ ራሱ የለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ የሚሰበስበው ለእርጅና፣ ለአካል ጉዳትና ለተተኪዎች ነው። ሥራ የማቆም መብት ግን አለ፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ደንግጎታል። ታዲያ ያለ እንጀራ ይህ መብት ስንት ቀን ይቆማል? በየካቲት 1966 ማብቂያ የተጀመረው ጠቅላላ አድማ በአራት ቀን በስምምነት ተፈታ። አርባ ቀን ቢሆን ኖሮ የሚደራደረው ማኅበሩ ሳይሆን የልጆች ሆድ በሆነ ነበር።

«አሠሪው ባዋጣው ገንዘብ የሚታገለውን ሰው ለምን ይቀልባል?» የሚሉ አሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 102 እንኳ በሥራ ክርክር ምክንያት ሥራው ለቆመበት ሰው አበሉ እንዲታገድ ይፈቅዳል። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈውንም ይጠቅሱብኛል። እርሱ ግን የገሠጸው መሥራት የማይወደውን ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 እስከ አሥራ አንደኛው ሰዓት ገበያ ላይ የቆሙት ሥራ ጠልተው አልነበረም፤ የሚቀጥራቸው አጥተው ነው። በር የተዘጋበት ሠራተኛ ከእነርሱ በምን ይለያል? እኔ ልዩነቱ አይታየኝም።

አድማ መቺው ግን በፈቃዱ ወጥቷል፤ እዚህ ላይ እኔም አመነታለሁ። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ሕግ አድማ መቺውን 14 ቀን ያስጠብቃል፤ በር የተዘጋበትን አያስጠብቅም። ይህ ልኬት ወደ ልቤ ቀርቧል። ሁለት ሳምንት ሰው ክርክሩ ለእልኽ ይሁን ለፍትሕ ራሱን የሚመረምርበት ጊዜ ነው። ያን ሁለት ሳምንት ማን ያብላው ካላችሁኝ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ሣጥን እላለሁ። ዕድር በየወሩ ማዋጣት ለእኛ አገር ሰው ማን አስተማረው?