ሃምሳ ሎሚና ሃምሳ የክፍል ልጆች

ገንዘብ ለማሰባሰብ በተጠራ ስብሰባ ላይ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሳይባል አይዋልም። ለታማሚ ማሳከሚያም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ብዙውን እጅ የሚያስዘረጋው ይኸው ተረት ነው። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ የድሮ የክፍል ጓደኞች አዘውትረው ያነሱታል። በቴሌግራም ተፈላልገው ይገናኙና አንድ ቅዳሜና እሑድ ይቆርጣሉ፤ ጠዋት ደም ልገሳ፣ ከሰዓት አረጋውያን ዘንድ ልብስ አጠባ፣ በማግስቱ የተማሩበትን ክፍል ግድግዳ ቀለም መቀባት፣ ከዚያ ቢሾፍቱ ወርዶ ዓሣና ጨዋታ። በመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ሃምሳ ተማሪ መቀመጡ የተለመደ ስለሆነ ተረቱ ለእነሱ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስላል። እኔም ተረቱ እውነት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ነገር ግን ስለ ሰው ብዛት የተናገረውን ስለ ቀን አልተናገረም። ሸክሙን ለሃምሳ ሰው ማካፈል የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ለብዙ ቀን ማካፈል ነው፤ በጎ ፈቃደኞች የሚሰናከሉትም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለተረቱ እውነትነት ደም ልገሳን የሚያህል ምስክር የለም። ከአንድ ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ለጋሹ ጋደም ብሎ ጣቶቹን ሲጨብጥና ሲዘረጋ፣ ከጎኑ በሚወዛወዘው ሚዛን ላይ ያለው ከረጢት ቀስ እያለ ይሞላል፤ ዐሥር ደቂቃም ላይፈጅ ይችላል። ከዚያ ለስላሳውን ጠጥቶ፣ ብስኩቱን በልቶ ይነሳል። ያው ሰው ዳግም ለመስጠት ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻዬን ሃምሳ ከረጢት እሰጣለሁ ቢል፣ አንድም ዙር ሳያዛንፍ ከ12 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ሃምሳ ጓደኛሞች ግን ጠዋት ጀምረው በዚያው ቀን ይጨርሱታል። ጉዳዩ ገንዘብ ቢሆን አንድ ባለጸጋ የሁሉንም ድርሻ ከፍሎ ሊገላግላቸው ይችል ነበር። በደም ግን ባለጸጋውም የቀን ሠራተኛውም ድርሻቸው እኩል አንድ ከረጢት ነው።

ይሁንና ያው ምስክር ዞሮ ተረቱን ይፈትነዋል። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ነው፤ ፕላትሌት የሚባለው ደግሞ 5 ቀን ገደማ። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናት ቀን አትመርጥም። ሃምሳው ከረጢት በአንድ ቅዳሜ ገብቶ ለጋሾቹ ለዓመቱ ከተበተኑ፣ በሦስተኛው ወር ሆስፒታል የምትደርሰው እናት ከዚያ ሁሉ ደግነት የሚተርፋት ጠብታ የለም። ችግኝም እንዲሁ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። የሕዝቡ መነሣሣት የሚናቅ አይደለም። የችግኝ ዕጣ የሚወሰነው ግን ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ በበጋው ወራት ነው፤ ያን ጊዜ የሚያጠጣውና ከከብት የሚጠብቀው ሰው ካላገኘ የተካዩ ብዛት አያድነውም።

አረጋውያን ዘንድ ሲኬድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ነውና። የአንድ አዛውንት የእግር ጥፍር ለመቁረጥ መጀመሪያ እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ የደነደነው ጥፍር እስኪለሰልስ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ መሃል ጨዋታ ይመጣል፤ የወጡበት አገር፣ የሞተባቸው ልጅ፣ ድሮ የነበራቸው በሬ። ጥፍሩ ደግሞ ይበቅላል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መሪ ቃሉ ብዙ ሰው አንቀሳቅሷል፤ ባለጸጋና ባለሙያ ካልሆንኩ ብሎ የሚያመነታውን ሁሉ ከቤቱ አውጥቶታል። እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር ብጨምር፣ ተመልሶ መምጣትን እጨምራለሁ። ሃምሳ ሰው በአንድ ከሰዓት ገብቶ ሲወጣ አንድም አዛውንት በወጉ ላይጫወት ይችላል፤ ሁለት ሰው በየሳምንቱ ሲመጣ ግን ስማቸው ይታወቃል፣ ሲዘገዩም ይጠየቃል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። በጎ ሥራ ከሽርሽር ጋር ምን አገናኘው? ጠዋት የታመመ ጠይቆ ማታ ሐይቅ ዳር መሳቅ፣ በዚያ ላይ ፎቶውን መለጠፍ፣ ለታይታ አይደለም ወይ? «ቀኝህ የሚያደርገውን ግራህ አይወቅ» ብሎ ላደገ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ፎቶው እስማማለሁ፤ የተቸገረን ሰው ፊት ለማስታወቂያ ማዋል ነውር ነው፣ መቅረት አለበት። ስለ ጨዋታው ግን አልስማማም። አባቶቻችን ደስታንና ምጽዋትን አልለያዩም። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ቀን ይሰበሰባል፤ ተረኛው ይደግሳል፤ ይበላል ይጠጣል፤ ነዳያንም ይመገባሉ። ማኅበርተኛው በሚቀጥለው ወር ተመልሶ የሚመጣው ስለ ጽድቁም ስለ ወንድሞቹም ብሎ ነው። እድርም በአንድ ቀን ለቅሶ ርኅራኄ አልቆመም፤ በየወሩ መዋጮ፣ ስም በሚጠራ ጸሐፊ፣ በቀሪ ላይ በሚጣል ቅጣት ነው የቆመው። ሁለቱም ሎሚውን ለሰውም ለወርም አካፍለዋል። የክፍል ጓደኞች ቢሾፍቱ ላይ የሚያሳልፉት ማታም ቀጣዩን ተረኛ ቀጥረው የሚለያዩበት ከሆነ የሥራው አካል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ታላላቅ የበጎ አድራጎት ሥራዎች የተጀመሩት በሃምሳ ሰው ሳይሆን በአንድ ሰው ነው ይባላል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ግሸን ማርያም ሄደው ረኃቡን አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ቤተሰባቸው ሲቃወማቸው ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ ሌሎች ሕፃናትም ተጨመሩ። እዚህ ላይ ተረቱን የሚያፈርስ ነገር አላይም፤ አንድ ሰው አይችልም አላለምና፣ ሸክሙ ነው አለ እንጂ። የእሳቸው ሕይወት ሸክሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራቸው አብሯቸው ያልተቀበረው ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው ድርጅት አቁመው ሸክሙን ለብዙዎች ስላካፈሉ ነው። የአንድ ሰው ቆራጥነት ያስፈልጋል፤ ሃምሳ ሰው ሲሰበሰብም ዝርዝሩን የሚይዝ፣ የሚደውል፣ የቀረውን የሚጠይቅ አንድ ሰው ካልተገኘ ሁሉም «ሌላው ያደርገዋል» እያለ ሎሚው ከመሬት አይነሣም።

ስለዚህ ለድሮ የክፍል ጓደኞች የምለው ይህ ነው። ለሽርሽሩ አብራችሁ ውጡ፣ ለደሙ ግን ተራ ያዙ። ሃምሳ ሁለት ሆናችሁ በየሳምንቱ አራት አራት ሰው ብትልኩ ሁላችሁም ሰጥታችሁ ለመጨረስ 13 ሳምንት፣ ማለትም ሦስት ወር ይፈጃል። የመጨረሻዎቹ አራት በሰጡ በሳምንቱ የመጀመሪያዎቹ ተራቸው እንደገና ይደርሳል።