ቃላችንን ስለ ምን እንጽፋለን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የሀገራችን ብሂል። ይሁን እንጂ ሁለት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አብረው ለመሥራት ሲነሡ፣ «ስምምነታችን ይጻፍ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ እንደ ተጠራጣሪ ይቈጠራል። ሁላችን ለድሃው ብለን ከተነሣን ወረቀት ምን ያደርግልናል? ውል መጻፍ መተማመንን ማጉደል ነውን?

በወሎ ቅሬ የመሠረቱ ጎረቤታሞች የአባላቱን ስምና መዋጮ በመዝገብ ቢያሰፍሩ፣ ተጠረጠርሁ ብሎ የሚቀየም የለም። ጦቢትም ብሩን ለገባኤል በአደራ ሲሰጥ በጽሑፍ ተማምነው ነበር። ገባኤል ታማኝ ሰው ነበረ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽሑፉ ሲቀርብለት አደራውን እንደ ታሸገ መለሰ። ያ ጽሑፍ የጠቀመው በውሉ ቀን በስፍራው ላልነበረው ልጅ፣ ለጦብያ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወሎን ባጎሳቈለ ጊዜ የካቶሊክ፣ የመካነ ኢየሱስና የሉተራን የእርዳታ ተቋማት ኃይላቸውን አስተባብረው እህል ለተራበው አድርሰዋል። በእንዲህ ያለ ሥራ አንዱ እህሉን ያስገባል፣ ሁለተኛው ያጓጉዛል፣ ሦስተኛው ያከፋፍላል። እንግዲህ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውርጌሳ፣ ስሙ ተመዝግቦ እህል የሚጠባበቅ አንድ ገበሬ እናስብ። መኪናው ቢዘገይ፣ ኩንታሉም ጎድሎ ቢገኝ፣ አንዱ ድርጅት «የእኔ ድርሻ አልነበረም» ቢል፣ ሌላውም ይህንኑ ቢደግም፣ በመካከል የሚራበው ማን ነው? ያ ገበሬ ውሉ ሲመከር አልተጠራም፤ አልፈረመምም።

ስለዚህ ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ሒሳቡን ማን እንደሚይዝ፣ ለጉድለት ማን እንደሚጠየቅ፣ አለመግባባት ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ፣ አንዱ ወገን ቢወጣ የተጀመረው ሥራ እንዴት እንደሚፈጸም አስቀድሞ ይጻፍ። እነዚህን ጥያቄዎች በሰላም ቀን ማንሣት ቀላል ነው፤ በጠብ ቀን ግን እያንዳንዱ የሚያስታውሰው ለራሱ የሚመቸውን ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ሕጉ የፈረሙትን ያስራል፤ ያልፈረመውን ማሰብ የኅሊና ድርሻ ነው። በመሆኑም እኛ በሰበካችን ከሌሎች ጋር ስንዋዋል፣ ሰነዱ እርዳታው የሚደርሰው ሕዝብ በሚሰማው ቋንቋ በፊቱ ይነበብ። የተገባለትን ያወቀ ድሃ የቀረበትን መጠየቅ ይችላል። ጠያቂ ያለውም አደራ በቀላሉ አይበላም።