ቸነፈር ሲመጣ ማን ይከሰሳል?

ጠያቂ፦ የኔታ፣ በ2012 ኮሮና የገባ ሰሞን ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» ይላል፣ ግማሹ «ፈረንጅ ያመጣብን ነው» ይላል። እርስዎ የትኛውን ይላሉ?

የኔታ፦ ሁለቱም የሚከሰስ ሰው ፍለጋ ነው የወጡት። «የኃጢአታችን» ያለውን ጠጋ ብለህ «የትኛው ኃጢአት?» ብትለው የጎረቤቱን እንጂ የራሱን አይነግርህም። ዳዊት ሕዝቡን በመቁጠሩ ቸነፈር ወርዶ 70,000 ሰው ሲያልቅ ጣቱን የቀሰረው ወደ ራሱ ነው፤ ሕዝቡ ይማርልኝ፣ ቅጣቱ በእኔና በቤቴ ላይ ይሁን ብሎ ለመነ። እንዲህ የሚል ሰው ካገኘህ፣ እሱ ስለ መቅሠፍት ቢናገር ያምርበታል።

ጠያቂ፦ ግን ጌታም ንስሐ ካልገባችሁ ትጠፋላችሁ ብሏል እኮ።

የኔታ፦ ለማን ነው ያለው? የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ሲገድል፣ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ሰው የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስቀድሞ ተናገረ። ንስሐውን ያዘዘው ቆመው ወሬ ለሚያወሩት ነው። ሬሳ ላይ ፍርድ አልሰጠም።

ጠያቂ፦ የፈረንጁስ ነገር?

የኔታ፦ እሱ ያሳፍራል። ያን መጋቢት አዲስ አበባ ላይ መንገደኛ ፈረንጅ ሲያዩ «ኮሮና!» እያሉ የጮኹበት፣ ድንጋይ የወረወሩበት ነበሩ። ታሪኩ ግን የቆየ ነው። ጥቁሩ ሞት አውሮፓን ባጠፋበት ዘመን «አይሁድ ጉድጓድ ውሃውን መረዙት» ተባለ። እስትራስቡርግ በምትባል ከተማ በ1349 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር በመቶ የሚቆጠሩ አይሁድን በእሳት አቃጠሏቸው። የሚያስገርመኝ በሽታው ገና ከተማዋ ሳይደርስ መሆኑ ነው። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። የሮሙ ጳጳስ ቀለሜንጦስ 6ኛ ክሱ ሐሰት መሆኑን ጽፈው ነበር፤ አይሁድም በዚሁ በሽታ ይሞታሉ፣ አይሁድ በሌሉበት አገርም ሰው እያለቀ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰሚ አላገኙም እንጂ ክርክሩስ ሕፃን የሚገባው ነበር።

ጠያቂ፦ እኛ አገር የኅዳር በሽታ ጊዜስ ሰው ምን ሆነ?

የኔታ፦ የኅዳር በሽታ በ1911 የገባው፣ ዓለም የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ የሚለው ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ላይ ነበሩ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ከሞት አፋፍ ነው የተመለሱት። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው እንደሞተ ይናገራሉ። ያኔ ከተማዋ እንደዛሬ እንዳይመስልህ፤ ያ ቁጥር ስንት ደጅ እንደዘጋ አስበው። ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። ቀባሪ ጠፋ፤ ባንድ ጉድጓድ ብዙ ሬሳ ገባ። ፍትሐትና ለቅሶ፣ ሰልስትና አርባ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ከሞቱ ይብሳል።

አሁን ልብ በል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ሰው የሚጥለው ለጥቂት ቀን ነው። ግን አንድ ቤት ሙሉ ባንድ ቀን ሲተኛ ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል። ሊድን የሚችለው ሰው እሳት የሚያነድለት አጥቶ ይሞታል። እኔ ስለ ወረርሽኝ ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ይህ ነው። በሦስተኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ላይ ቸነፈር ሲነሣ የከተማው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በመልእክቱ የጻፈውም ይህንኑ ነው፦ አንዱ ወገን በሽተኛውን መንገድ ላይ እየጣለ ሸሸ፤ ሌላው እያስታመመ፣ እያጠበና እየገነዘ አብሮ ሞተ።

ጠያቂ፦ እንዲህ ከሆነ በ2012 ፋሲካን ምእመኑ ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ማስቀደሱ ፍርሃት አልነበረም? «እምነት ጠፋ» ያሉ ብዙ ነበሩ።

የኔታ፦ እኔንም አመመኝ። ትንሣኤን ያለ ሕዝብ ማክበር ቀላል አይደለም። ነገር ግን የዘሌዋውያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው «እምነት ጠፋ» አይልም። ለምጽ ያለበት ሰው ከሰፈር ውጭ ይቀመጥ፣ ከንፈሩንም ይሸፍን ብሎ ያዘዘው ማን ነው? ማስኩን ከቻይና የመጣ አድርገው ሲያወሩ እስቅ ነበር።

እስላሞቹም ዘንድ ትልቅ ነገር አለ። በ639 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም፣ ማለት ወደ ሶርያ ሲጓዝ ሰርግ የምትባል ቦታ ደርሶ አገሩ ውስጥ ወረርሽኝ መግባቱን ሰማ። ልመለስ ሲል የሻም ጦር አዛዡ አቡ ዑበይዳ «ከአላህ ውሳኔ ትሸሻለህ?» በሚል መንፈስ ተቆጣው። ዑመር ግን ከአንዱ ውሳኔው ወደ ሌላው ውሳኔው ነው የምሄደው የሚል መልስ ሰጥቶ ተመለሰ። አቡ ዑበይዳ ደግሞ ከሕዝቡ አልለይም ብሎ እዚያው ቀረና በዚያው፣ የዓምዋስ በሚባለው ወረርሽኝ ሞተ። እኔ ከሁለቱ አንዱን አልነቅፍም። ያልገባ አይግባ፣ ያለበት ወገኑን ጥሎ አይሂድ።

ጠያቂ፦ ያኔ ለኮሮና መድኃኒት ነው የተባለው ፌጦና ዝንጅብሉስ?

የኔታ፦ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያን ሰሞን ያስወደደውን ነጋዴ ጠይቀው። ሻይ ላይ ጥሩ ነው።

ጠያቂ፦ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው ያን የ1911ን በሽታ ለማስታወስ ነው ይባላል። ዛሬ ጥቅም አለው?

የኔታ፦ በሚካኤል በዓል ቀን ኅዳር ሲታጠን ደጅን መጥረግ፣ ጉድፍን ማስወገድ ነበር ነገሩ። ሰው ከበሽታው ያተረፈው ይህቺን አንዲት የጽዳት ቀን ነው፣ ስለዚህ አትተዋት። ጥረጉ። ጎረቤት አንድ ላይ ወጥቶ ሲጠርግ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንዳለ ይታወቃል፤ እሱን በማግሥቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። ዛሬ ግን የምታነዱት ቅጠል መሆኑ ቀርቷል። ፌስታልና የውሃ ላስቲኩን ለይታችሁ አስቀሩት፤ እኔ አስም አለብኝ።